ቦርዱ ተኝቷል፤ ባትሪው ለምን ያልቃል?

የጣናን የውኃ ከፍታ በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ዘጌ ወይም ጎርጎራ ዳር ለመትከል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሰንሰሩ ነው። ሰንሰሩ ቀላሉ ክፍል ነው። በበጋ ፀሐዩ ስለሚትረፈረፍ ኃይሉም አያሳስብም። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ይሰነብታል፣ የሶላር ፓነሉም ለስሙ ተሰቅሎ ይቀራል። ያኔ መሣሪያው ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች (እያንዳንዱን የሃርድዌር ክፍል የሚያዙት ፕሮግራሞች) የተጻፉበት መንገድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ዩፒኤስ ውስጥ የምናገኘው የተለመደው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 42 ብቻ እንቁጠር። ቮልቴጅ አውራጁ 80 በመቶ ብቃት ቢኖረው ለቦርዱ የሚደርሰው 33.6 ዋት-ሰዓት ነው። ሊኑክስ የሚያሄድ ትንሽ የኤአርኤም ቦርድ ሥራ ፈትቶ 1.5 ዋት ቢበላ በ22 ሰዓት ያበቃለታል። አሁን በየ10 ደቂቃው ለ8 ሰከንድ በ1.8 ዋት ነቅቶ፣ ቀሪውን 592 ሰከንድ በ60 ሚሊዋት ይተኛ እንበል። ንቃቱ 14.4 ጁል፣ እንቅልፉ 35.5 ጁል ይበላል፤ አማካዩ 83 ሚሊዋት ነው፣ ባትሪውም ወደ 17 ቀን ይዘልቃል። ንቃቱን ወደ 4 ሰከንድ ብታወርዱት የምታተርፉት ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። እንቅልፉን ወደ 20 ሚሊዋት ብታወርዱት ግን 32 ቀን ትደርሳላችሁ። ስለዚህ የሚለካውን ፕሮግራም በማፍጠን ከመልፋት በፊት ተኝቷል የተባለው ቦርድ በትክክል መተኛቱን ማየት ይሻላል።

የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ ማድረግ ብዙ የሚወራለት ጉዳይ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ግን ትርፉ ጥቂት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ፍጥነት ሲጨመር መጀመሪያ ቮልቴጁ ይነሣል፣ ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ ፍጥነቱ ይወርዳል። ይህን ቅደም ተከተል የከርነሉ የኦፒፒ ላይብረሪ (የፍጥነትና የቮልቴጅ ጥንዶችን የሚይዘው) ራሱ ይጠብቅላችኋል። በእጅ አትጻፉት።

ወደ ድራይቨሩ እንምጣ። ኤስኦሲ (ፕሮሰሰሩንና ሌሎች ክፍሎችን አንድ ላይ የያዘው ቺፕ) ውስጥ ያለ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ሰንሰሮችን በሁለት መስመር የሚያነጋግረው የአይቱሲ ተቆጣጣሪ፣ እንዲሠራ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ቮልቴጅ፣ የፓወር ዶሜይኑ (ኃይሉ በአንድ ላይ የሚበራና የሚጠፋ የቺፑ ክልል) መከፈት፣ ክሎክ (ሥራውን የሚመራው ምት)፣ ከሪሴት (ክፍሉን መነሻው ላይ ከሚያቆመው ምልክት) መለቀቅ። ለእነዚህ ሊኑክስ የየራሳቸው ማዕቀፍ አለው። የሬጉሌተሩ (የቮልቴጅ ሰጪው) ማዕቀፍ በ2008 እ.ኤ.አ. በከርነል 2.6.27 ገባ፣ ረንታይም ፒኤም (ሥራ የፈታውን ክፍል ለብቻው የሚያስተኛው) በ2009 በ2.6.32፣ የጋራው የክሎክ ማዕቀፍ ደግሞ በ2012 በ3.4። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የቺፕ አምራች ክሎኩን በራሱ መንገድ ይጽፍ ስለነበር ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው የሚሻገር ድራይቨር መጻፍ ፈተና ነበር።

በብዙ ቺፖች የማብራቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ሪሴቱን ያዙ፣ ሬጉሌተሩን አብሩና ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ክሎኩን ክፈቱ፣ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ቆዩ፣ ሪሴቱን ልቀቁ። ሲጠፋ የተገላቢጦሽ። የመጨረሻው ቃል ግን የቺፑ ማኑዋል ነው፤ አንዳንዱ ክፍል ሪሴቱ የሚሠራለት ክሎኩ እየመታ ሳለ ብቻ ነው፣ ክሎክ ሳይኖር የተለቀቀ ሪሴት እንዳልተለቀቀ ይቆጠራል። ሬጉሌተሩ እስኪረጋ የሚፈጀውን ጊዜ ድራይቨሩ ውስጥ በቁጥር አትቀብሩት። ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጸው ፋይል) ላይ ከሬጉሌተሩ ጋር ይጻፍ፤ ቦርድ ሲቀየር የሚቀየረው እሱ ነውና።

ክሎኩ ጠፍቶ ሳለ ሬጅስተር (ክፍሉ የሚታዘዝበትንና ሁኔታው የሚነበብበትን ትንሽ ማኅደር) መንካት ሌላው ክፉ ነገር ነው። ተራ የፕሮግራም ስሕተት መልእክት ትቶ ይሞታል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይተውም። ፕሮሰሰሩ ጥያቄውን በባሱ ላይ ይልካል፣ በወዲያኛው ጫፍ መልስ የሚሰጥ የለም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ቺፑ «ኤክስተርናል አቦርት» ብሎ ጥፋቱ ያለበትን አድራሻ ያሳያል። ካልሆናችሁ ኮንሶሉ በአንድ መስመር መካከል ቀጥ ይላል፣ ቁልፍ ብትጫኑ መልስ የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ስታዩ የመጀመሪያው ጥርጣሬ «ማን ነው ክሎክ ሳይዝ የነካው?» መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ኢንተራፕት ተቀባዩ (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን ሲጠራ የሚሮጠው ተግባር) ነው፣ ወይም የሬጅስተሮችን ይዘት እንዲያሳይ የተጻፈው የዲበግ ፋይል።

ኢንተራፕቱ ለምን? መስመሩ ከሌላ ክፍል ጋር የጋራ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ክፍል ተኝቶ ሳለ ጎረቤቱ ሲጮህ ከርነሉ የሁለቱንም ተቀባይ ይጠራል፣ የእናንተው ደግሞ የሁኔታ ሬጅስተሩን ሊያነብ ይሄዳል። መፍትሔው ተቀባዩ መጀመሪያ «ፒኤም ረንታይም ጌት ኢፍ ኢን ዩዝ» ብሎ እንዲጠይቅ ነው፤ ክፍሉ ሥራ ላይ ካልሆነ የእኔ አይደለም ብሎ ይመለሳል፣ ከሆነም አንብቦ ሲጨርስ የያዘውን ይለቃል። በማስተኛው ተግባር ውስጥም ክሎኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የክፍሉን ኢንተራፕት ዝጉና «ሲንክሮናይዝ አይአርኪው»ን ጥሩ፤ በሌላ ኮር ላይ የጀመረ ተቀባይ ካለ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

የክሎኩ ማዕቀፍ ሥራውን «ፕሪፔር» እና «ኢኔብል» ብሎ ለሁለት የከፈለውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሊተኛ (ሥራውን አቁሞ ሊጠብቅ) ይችላል፣ ፒኤልኤል (ክሎኩን የሚያመነጨው ዑደት) እስኪቆልፍ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላልና። ሁለተኛው አይተኛም። ሁለቱን የሚያጣምረውን ጥሪ ስፒንሎክ (የያዘው ሊተኛ የማይችልበት ቁልፍ) ይዞ ወይም ኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ መጥራት ክልክል ነው። ይህን ክልከላ ለመዝለል ሲሉ «ፒኤም ረንታይም አይአርኪው ሴፍ»ን የሚጠሩ አሉ። ባይጠሩት ይሻላል፤ ያ ጥሪ ከበላይ ያለውን ዲቫይስ ሁልጊዜ እንደነቃ ያስቀረዋል። አንድ ድራይቨር ለራሱ ሲመቸው ዛፉን ሙሉ ያነቃል ማለት ነው።

የረንታይም ፒኤም ልብ ቆጣሪ ነው። የሚጠቀም «ጌት» ይላል፣ የጨረሰ «ፑት» ይላል፣ ከቤት መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን ያጠፋል። አንድ «ጌት» ያለ «ፑት» ከቀረ ያ ክፍል ዳግመኛ አይተኛም፣ ዶሜይኑም አይዘጋም። መልእክት የለም፤ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ባትሪው ብቻ ያልቃል።

ቆጣሪው የሚዛባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የስሕተት መንገዱ ነው። «ፒኤም ረንታይም ጌት ሲንክ» ሲከሽፍ እንኳ ቆጣሪውን ከፍ አድርጎ ይመለሳል። አሉታዊ ቁጥር አይታችሁ «አልተሳካም» ብላችሁ ብትመለሱ አንድ ቁጥር ተንጠልጥላ ትቀራለች። ስንቱ ድራይቨር በዚህ ሲፈስ ኖሯል! በ2020 እ.ኤ.አ. ከከርነል 5.10 ጋር «ፒኤም ረንታይም ሪዙም ኤንድ ጌት» የመጣው ለዚህ ነው፤ ሲከሽፍ የጨመረውን ራሱ ይመልሳል። አዲስ ኮድ ስትጽፉ የመመለሻ ዋጋውን የምታዩ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ።

ሁለተኛው መነሻው ላይ ያለ አለመግባባት ነው። ዲቫይሱ ሲፈጠር ከርነሉ «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ድራይቨሩ ፕሮብ (ዲቫይሱን መጀመሪያ የሚያዘጋጅበት ተግባር) ውስጥ ክሎኩን በእጁ ከፍቶ፣ «ሴት አክቲቭ» ሳይል «ኢኔብል» ካለ መዝገቡና ሃርድዌሩ ይለያያሉ። የመጀመሪያው «ጌት» ሲመጣ የማንቂያው ተግባር ተጠርቶ ክሎኩን እንደገና ይከፍታል፣ ቆጠራውም 2 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚዘጋው አንዱ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ክሎክ ቆጠራ በሚያሳየው የክሎክ ሳመሪ ፋይል ላይ ክፍሉ ተኝቶ ሳለ 1 የሚል ቁጥር ካያችሁ ይህን ፈትሹ። በእኔ አመለካከት የሚሻለው ቅደም ተከተል፦ በእጅ ማብራት፣ «ሴት አክቲቭ»፣ አንድ ቁጥር በ«ጌት ኖሪዙም» መያዝ፣ «ኢኔብል»፣ የፕሮቡን ሥራ መጨረስ፣ በመጨረሻም «ፑት»። ይህ ከርነሉ ያለ ፒኤም ድጋፍ ቢገነባም ይሠራል፤ ሁሉን ለረንታይም ፒኤም የተወ ድራይቨር ግን በዚያን ጊዜ ክሎክ የሚከፍትለት አያገኝም።

ሬጉሌተሩም የራሱ ቆጠራ አለው፣ ለእኛ መሣሪያ ደግሞ በቀጥታ ያገለግላል። ፍጹም ግፊት የሚለካ ሰንሰር ውኃው ውስጥ ከጣላችሁ አየሩን የሚለካ ባሮሜትር ከላይ ግድ ነው። 1 ሄክቶፓስካል ማለት 1 ሴንቲሜትር ውኃ ያህል ነው፣ የአየሩ ግፊት ደግሞ በእኛ አገር በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ በጥቂት ሄክቶፓስካል ይወጣል ይወርዳል፤ ባሮሜትር ከሌለ ሐይቁ በየቀኑ ሞልቶ የሚጎድል ይመስላችኋል። ሁለቱን ሰንሰሮች ከአንድ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር ብትመግቡ እያንዳንዱ ድራይቨር በየራሱ ያበራል፣ በየራሱ ያጠፋል፤ መስመሩ የሚቋረጠው ሁለቱም ሲለቁ ነው። አንዱ ድራይቨር ስለ ሌላው ማወቅ የለበትም። ችግሩ አንደኛው ድራይቨር በፕሮብ ጊዜ አብርቶ እስከ መጨረሻው የማይለቅ ሲሆን ነው፤ ከከርነሉ ጋር አብረው የሚመጡ የሰንሰር ድራይቨሮች መካከልም እንዲህ የሚያደርጉ ስላሉ ኮዱን ሳታነቡ አትመኑ።

ከመተኛት በፊት ምን ያህል እንጠብቅ? አውቶሰስፔንድ የሚባለው ቁጥር በዘፈቀደ 100 ወይም 200 ሚሊሰከንድ እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። ስሌት አለው። ክፍሉ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ 12 ሚሊዋት ቢበላ፣ ማጥፋትና ማብራቱ በአንድ ዙር 0.6 ሚሊጁል ቢያስወጣ፣ ሁለቱ የሚተካከሉት በ50 ሚሊሰከንድ ነው። ይህንኑ 50 እንደ መጠበቂያ ብትወስዱ ቀጣዩ ጥያቄ መቼም ይምጣ መቼ የምታባክኑት አስቀድሞ ሁሉን ከሚያውቅ ሰው እጥፍ አይበልጥም። የአንድ ዙሩን ወጪ ስታሰሉ ካፓሲተሩን አትርሱ፦ 100 ማይክሮፋራድ በ3.3 ቮልት ሲሞላ 0.54 ሚሊጁል ይይዛል፣ በሊኒየር ሬጉሌተር በኩል ሲሞላ ቢያንስ ያንኑ ያህል በሙቀት ይጠፋል። በየ10 ደቂቃው አንዴ ለሚነበብ ሰንሰር ይህ ሁሉ አያሳስብም፤ ወዲያውኑ አጥፉት።

ዶሜይኑ ሲዘጋ ሬጅስተሮቹ የያዙት ይጠፋል። ማንቂያው ተግባር ሁሉንም መልሶ መጻፍ አለበት፤ «ሬግማፕ» (የሬጅስተሮችን ቅጂ የሚይዘው የከርነሉ ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ስትተኙ ካሹን ብቻ እንዲጠቀምና «ቆሽሿል» ብሎ እንዲመዘግብ ማድረግ፣ ስትነቁ ማመሳሰል ይበቃል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ዶሜይኑ የሚዘጋው ውስጡ ያሉት ዲቫይሶች በሙሉ ሲተኙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ ጎረቤት የሆነው ዩአርት (የሲሪያል ወደቡ ክፍል) ለኮንሶል ነቅቶ ስለሚውል ዶሜይኑ ጨርሶ አይዘጋም፤ መልሶ መጻፉን የረሳ ድራይቨር ለወራት በሰላም ይሠራል። ኮንሶሉን ዘግታችሁ መሣሪያውን ወደ ሐይቁ በወሰዳችሁ ቀን የአይቱሲ ክሎክ አካፋዩ ወደ መነሻ ዋጋው ይመለሳል፣ እያንዳንዱ ንባብም በታይምአውት ይከሽፋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሳላችሁ ኮንሶሉን አጥፍታችሁ በኔትወርክ ገብታችሁ ፈትኑ።

ከቡትሎደሩ (ከርነሉን ከሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚመጣውም አለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዩቡት ለራሱ የከፈተውን ክሎክና ሬጉሌተር ሳይዘጋ ያስረክባል፤ ድራይቨራችሁ ክሎኩን መጠየቅ ቢረሳም ይሠራል። ከርነሉ ቡት ሊጨርስ ሲል ማንም ያልጠየቀውን ክሎክ ይዘጋል፣ ያልተጠየቁ ሬጉሌተሮችን ደግሞ በአዳዲሶቹ ከርነሎች ከ30 ሰከንድ በኋላ። «ሰንሰሩ ቡት እንዳደረገ ይሠራል፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ይሞታል» የሚል ቅሬታ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። «ክሎክ ኢግኖር አንዩዝድ» የሚለውን የቡት ትእዛዝ ለምርመራ ተጠቀሙበት፤ በእሱ ከተፈወሰ ድራይቨሩ ያልጠየቀው ክሎክ አለ። ትእዛዙን እንደ መድኃኒት ትቶ መሄድ ግን እንቅልፉን መሸጥ ነው።

አሁን ሶፍትዌሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ባትሪውን የሚበላው ነገር፦ ፒኖች። የሰንሰሩን ቮልቴጅ አጠፋችሁ እንበል፣ የአይቱሲ ፑልአፖች (መስመሩን ወደ ላይ የሚይዙት ሬዚስተሮች) ግን ሁልጊዜ ከሚበራው 3.3 ቮልት ጋር ተያይዘዋል። ሁለት ነገር ይሆናል። ኃይል ያጣው ሰንሰር መስመሩን ወደ ታች ከሳበ በ4.7 ኪሎኦም ፑልአፕ በእያንዳንዱ መስመር 0.7 ሚሊአምፔር ይፈሳል፤ በሁለቱ 1.4 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 4.6 ሚሊዋት። ከ20ው ሚሊዋት ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ከረንቱ በሰንሰሩ የመከላከያ ዳዮድ በኩል ወደ አቅርቦት መስመሩ ገብቶ ጠፍቷል የተባለውን ሰንሰር በግማሽ ሕይወት ያኖረዋል። መልቲሜትር ብታስጠጉ ዜሮ በጠበቃችሁበት ቦታ 2 ቮልትና ከዚያ በላይ ታያላችሁ። ያ ሰንሰር እንደገና ሲበራ የፓወር-ኦን ሪሴቱ አይሠራም፣ ግማሽ ላይ የቆመ ግንኙነት ይዞ መስመሩን እንደ ያዘ ይቀራል።

ፑልአፖቹን ከዚያው ከሚጠፋው ሬጉሌተር ማስነሣት ዋናው መፍትሔ ነው። ቦርዱ ተሠርቶ ካለቀ ደግሞ በፒንኮንትሮል (ፒኖቹን በሚያዋቅረው የከርነሉ ማዕቀፍ) «ስሊፕ» የሚባል ሁኔታ ጽፋችሁ፣ ሬጉሌተሩ ከመጥፋቱ በፊት ከሰንሰሩ ጋር የተያያዙትን የኤስኦሲ ፒኖች ግብዓት አድርጉ፣ ውስጣዊ ፑልአፓቸውንም ንቀሉ። ካፓሲተሩ የሚራገፍበትን ጊዜም አስቡ፤ 100 ማይክሮፋራድ በ5 ማይክሮአምፔር ብቻ ቢራገፍ ባዶ ለመሆን 66 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ በፊት ብታበሩት ሰንሰሩ መጥፋቱን ሳያውቅ ይቀጥላል። ሲጠፋ ራሱ የሚያራግፍ ሬጉሌተር ምረጡ፣ ካልሆነም በዲቫይስ ትሪው ላይ በማጥፋትና በማብራት መካከል የሚቆየውን ጊዜ አስገቡ።

የማንቂያው ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ዲኤስ3231 የሚባለው የሰዓት ቺፕ ርካሽና ትክክለኛ ነው፣ ስሕተቱ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት በሚሊዮን 2 ነው። የአላርም ፒኑን የምታያይዙት ሁልጊዜ በሚነቃ ዶሜይን ውስጥ ካለ ጂፒአይኦ (ለማንኛውም ሥራ የሚውል ፒን) ጋር መሆን አለበት፤ በቢግልቦን ብላክ ላይ ባለው ኤኤም335ኤክስ ይህ የዜሮ ቁጥሩ ባንክ ነው። አላርሙ ከጮኸ በኋላ ባንዲራው ካልተጠረገ ፒኑ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። በ10 ኪሎኦም ፑልአፕ 0.33 ሚሊአምፔር መፍሰሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ማንቂያው በደረጃ (ፒኑ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ) የሚነሣ ከሆነ ቦርዱ ገና ሳይተኛ ይነቃል፤ በጠርዝ (ፒኑ ከከፍ ወደ ዝቅ ሲለወጥ ብቻ) የሚነሣ ከሆነ ደግሞ አዲስ ጠርዝ ስለማይመጣ ከናካቴው አይነቃም። ይህኛው ነው ጀልባ የሚያስከራየው። ዋችዶግ (ቦርዱ ሲሰቀል እንደ አዲስ የሚያስነሣው ቆጣሪ) ያድነኛል የሚልም ይጠንቀቅ፦ በአንዳንድ ቺፖች ክሎኩ ከእንቅልፉ ጋር አብሮ ስለሚቆም አይቆጥርም፣ በሌሎቹ ደግሞ መቁጠሩን ቀጥሎ ቦርዱን በ60ኛው ሰከንድ ከእንቅልፉ ያስነሣዋል። የትኛው እንደሆነ ማኑዋሉን አይታችሁ በማስተኛው ተግባር ውስጥ ወስኑ።

ለመለካት መልቲሜትሩን በሚሊአምፔር ክልል በመስመሩ ላይ መሰካት ያሳስታል፤ ቡት ላይ ከረንቱ ሲዘል በመሣሪያው ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ቦርዱን ሪሴት ያደርገዋል። 0.1 ኦም ሬዚስተርና አይኤንኤ226 የሚባለው የከረንት መለኪያ ቺፕ ይሻላል፤ የአንድ እርምጃው 2.5 ማይክሮቮልት ስለሆነ 25 ማይክሮአምፔር ድረስ ያያል። አይኤንኤ219 በዚያው ሬዚስተር ላይ 100 ማይክሮአምፔር ድረስ ነው።

ፈተናውን ከትንሹ ጀምሩ። የከርነሉ «ፒኤም ቴስት» ፋይል ላይ መጀመሪያ «ፍሪዘር»፣ ቀጥሎ «ዲቫይስስ»፣ እያለ እስከ «ኮር» ውጡ። በየደረጃው 5 ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል፣ የሚሰቀልበት ደረጃ ጥፋቱ የት እንዳለ ይነግራችኋል። «ኖ ኮንሶል ሰስፔንድ» የመጨረሻውን መስመር እንድታዩ ይረዳል፣ ከረንት ስትለኩ ግን አንሡት። ከዚያ በ«አርቲሲዌክ» (ቦርዱን አስተኝቶ በሰዓቱ አላርም በሚያነቃው ትእዛዝ) በየ20 ሰከንዱ የሚተኛና የሚነቃ ሉፕ ሌሊቱን አሂዱ። ከመጀመሪያው በፊት የክሎክ፣ የሬጉሌተርና የፓወር ዶሜይን ሳመሪ ፋይሎችን ቅዱ፣ ጠዋት እንደገና ቅዱና አወዳድሩ። በአንድ ሌሊት ከ1 ወደ 40 ያደገ ቆጠራ ካለ 39 ጊዜ የስሕተት መንገድ ተሄዷል ማለት ነው፤ የዚያን ክሎክ ባለቤት ድራይቨር ከፍታችሁ፣ ከእያንዳንዱ «ጌት» በኋላ ያሉትን የመመለሻ መስመሮች አንድ በአንድ ቁጠሩ።